ጆሮም ዘዬ አለው

«ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል» ይላል ያገራችን ሰው። አባባሉ የተነገረው በሸንጎ ቆሞ ነገሩን አሳምሮ ወይም አበላሽቶ ስለሚያቀርብ ተሟጋች ነው። እኛ ግን በመኝታ ክፍል፣ በምግብ አዳራሽና በትምህርት ሰዓት በየቀኑ የምንሰጠው ፍርድ ከዚህ ይለያል። ሰውየው ምን እንዳለ ከመመርመራችን በፊት በምን ዓይነት ድምፅ እንዳለው ሰምተን እንፈርዳለን። «ይሄ ጎጃሜ ነው»፣ «ይቺማ ወሎዬ ናት»፣ «ያኛው በአማርኛ አፉን የፈታ አይደለም» እንላለን። እስከዚህ ድረስ ነገሩ ጨዋታ ነው፤ ጨዋታውም አይጠላም። ነገር ግን ይኸው ጆሮ ነገ ከጥቁር ሰሌዳ ፊት ቆሞ የስድሳና የሰባ ሕፃናትን ንባብ ማረም ሲጀምር ጨዋታነቱ ያበቃል። ስለዚህ ለማስተማር ልምምድ ወደየትምህርት ቤቱ ከመሠማራታችን በፊት ስለ ራሳችን አነጋገርና ስለ ሰሚዎቻችን ጥቂት ማወቅ ይገባናል።

በመጀመሪያ ሁለት ቃላትን እንለይ። «ዘዬ» ስንል አንድን ቋንቋ በአንድ አካባቢ የሚናገሩ ሰዎች በቃላት ምርጫ፣ በሰዋስውና በድምፅ ከሌላው አካባቢ ተናጋሪዎች የሚለዩበትን ጠቅላላ ጠባይ ማለታችን ነው። «ቅላፄ» ደግሞ ከዚሁ ውስጥ ጆሮ ላይ የሚቀረው ክፍል ነው፤ ይኸውም የድምፆቹ አወጣጥ፣ የአረፍተ ነገሩ ዜማ፣ መጎተቱና መፍጠኑ ነው። አንድ ሰው ያገሩን ቃላት ሁሉ ትቶ በመጽሐፍ ቋንቋ ብቻ ቢናገር እንኳ ቅላፄው አብሮት ይመጣል። የቋንቋ አጥኚዎች የአማርኛን ዘዬዎች አብዛኛውን ጊዜ የጎጃም፣ የጎንደር፣ የወሎ፣ የመንዝና የአዲስ አበባ ብለው በአምስት ይከፍሏቸዋል። በእያንዳንዱም ውስጥ ቢሆን ከወንዝ ወዲያና ከወንዝ ወዲህ ያለው ሰው አነጋገር እንደሚለያይ ገበያ የዋለ ሁሉ ያውቀዋል። ልብ በሉ፤ አዲስ አበባም ከአምስቱ እንደ አንዱ ተቆጠረ እንጂ በአራቱ ላይ ዳኛ ሆኖ አልተቀመጠም። ወደዚህ ነገር ኋላ እንመለስበታለን።

ሰውን ባነጋገሩ መለየት አዲስ ነገር አይደለም። በመጽሐፈ መሳፍንት ምዕራፍ 12 እንደተጻፈው፣ በዮርዳኖስ መሻገሪያ ላይ የቆሙት የገለዓድ ሰዎች የሚሸሸውን ኤፍሬማዊ የለዩት አንዲት ቃል አስጠርተው ነው። «ሺቦሌት» በል ሲባል «ሲቦሌት» ያለ ሰው በዚያው ቀረ። በሸና በሰ መካከል ያለች ልዩነት የሰው ሕይወት አስከፈለች ማለት ነው። በማቴዎስ ወንጌልም ጴጥሮስ ጌታውን አላውቅም ብሎ ሲምል፣ አጠገቡ የቆሙት ሰዎች የገሊላ ሰው መሆኑን ያወቁበት ባነጋገሩ ነበር። አፉ አላውቅም ሲል ቅላፄው መሰከረበት።

ሠልጣኞች ስለ ራሳቸው የጻፉት

በአማርኛ ትምህርት ክፍለ ጊዜ ለሠልጣኞች አንድ ቀላል ጥያቄ ቀርቦ ነበር። «አነጋገርህ ምን ይመስላል? ሰዎችስ እንዴት ይሰሙሃል?» የሚል ነው። መልሱ ከግማሽ ገጽ እንዳይበልጥ ተብሎ ነበር፤ ብዙዎቹ ግን ሁለት ገጽ ጽፈው መጡ። ለካስ ሁሉም በሆዱ የያዘው ነገር ነበረው።

ከምሥራቅ ጎጃም የመጣች ሠልጣኝ እንዲህ ብላለች፦ «እኔ ዘዬ እንዳለኝ ያወቅሁት እዚህ ግቢ ከገባሁ ወዲህ ነው። አገሬ ሳለሁ የምናገረው እንዲያው አማርኛ ነበር። እዚህ ግን ‹ሂጀ መጥቸ› ባልኩ ቁጥር የክፍል ጓደኞቼ ‹ጀ! ቸ!› እያሉ ይስቃሉ። እኔ ደግሞ እነሱ ‹ሄጄ መጥቼ› ሲሉ የቃሉን ጭራ የሚጠመዝዙት ይመስለኛል።»

ከዚህ ላይ ትንሽ ቆም ብለን ነገሩን በሰዋስው ዓይን እንየው። ሸዌው «መጥቼ» ብሎ በኃምስ ፊደል የሚጨርሰውን ጎጃሜውና ጎንደሬው «መጥቸ» ብለው በግዕዝ ይጨርሱታል። «ልጄ» የሚለውም «ልጀ» ይሆናል። ታዲያ ይህች ሠልጣኝ «ነግሬ» ወይም «ሰብሬ» ስትል እንደ ሸዌው በኃምስ ነው የምትጨርሰው፤ «ነግረ» አትልም። ይህ ምን ያሳየናል? ለውጡ የሚመጣው እንደ ቸ፣ ጀና ሸ ካሉ ፊደሎች በኋላ ብቻ ነው። በዘፈቀደ የሚሆን የአፍ መንሸራተት ቢሆን ኖሮ አንዳንዴ እዚህ፣ አንዳንዴ እዚያ በታየ ነበር። ሕግ ያለው ነገር ነው፤ ተናጋሪዋም ሕጉን ማንም ሳያስተምራት ከእናቷ ጉልበት ሥር ይዛው አድጋለች።

ከጎንደር የመጣው ሠልጣኝ መልስ አጭር ነው። «እኛ የምንናገረው ዋናው አማርኛ ነው። ዘዬ ያለው ሌላው ነው» ይላል። ኩራቱ ደስ ይላል። ሆኖም እሱም «ሂጀ መጥቸ» ይላልና፣ የአዲስ አበባው ጆሮ እሱንና የጎጃሟን ልጅ ለይቶ አያውቃቸውም፤ ሁለቱንም «የዚያ አገር ሰዎች» ብሎ በአንድ ቁና ይሰፍራቸዋል። ሁለቱ ግን ስለ ልዩነታቸው ሌሊቱን ሙሉ ቢከራከሩ አይታክታቸውም። ከሩቅ የሚሰማ ጆሮ ያቀላቅላል፤ ከቅርብ የሚሰማው ይለያል።

ከመንዝ የመጣው ሠልጣኝ ታሪክ ከሁሉ ይበልጥ ለትምህርታችን ይጠቅማል። ጓደኞቹ «በቃ» ሲል «በአ» ይመስላል ይሉታል። እሱ ደግሞ «እኔ ቀ ነው ያልኩት» ብሎ ይከራከራል። «እንደገና በል» ሲሉት ይላል፤ እነሱ አሁንም አ ይሰማቸዋል፤ እሱ አሁንም ቀ እንዳለ ያውቃል። ማን ነው ትክክል? ሁለቱም ናቸው። ቀን ስንናገር ሁለት መዘጋት በአንድ ጊዜ ይከናወናል፤ አንዱ የምላስ ሥር ከትናጋ ጋር ሲገጥም፣ ሌላው በጉሮሮ ነው። በሸዋ አንዳንድ አካባቢዎች የትናጋው መዘጋት ይቀርና የጉሮሮው ብቻ ይቀራል። ያቺ የጉሮሮ መዘጋት ለአካባቢው ሰው ምንም ያልጎደላት ሙሉ ቀ ናት። ተናጋሪው የሚሰማው በአእምሮው የያዘውን ፊደል ነው፤ ሰሚው የሚሰማው በራሱ አገር ያንን ድምፅ የሚወክለውን ፊደል ነው። «አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም» የሚባለው እዚህ ላይ አይሠራም። አፉ አላመለጠም፤ ያመለጠው ነገር ካለ በሰሚው ጆሮ በኩል ነው።

የወሎዋ ሠልጣኝ ወረቀት ደግሞ ሌላ ዓይነት እሮሮ ይዟል። «ከቤት መጣሁ» የሚለውን «ተቤት መጣሁ»፣ «ከዚያ ማዶ» የሚለውን «ተዚያ ማዶ» ትላለች። ይህ አነጋገር በወሎ ብቻ የተወሰነ እንዳልሆነም ልብ ይሏል። ለሚጨነቅ ጓደኛዋ «አብሽር» ትላለች። በእሷ ላይ የሳቀባት የለም። እንዲያውም «ተናገሪ እስቲ፣ ደስ ይለናል» ይሏታል። ታዲያ ምን ጎደለሽ ቢባል እንዲህ ትላለች፦ «በቡድን ውይይት ላይ ስለ ትምህርት ዕቅድ አሳብ አቀረብኩ። ስጨርስ አንዱ ‹አነጋገርሽ ማር ነው› አለኝ። ሌላውም ሳቀ። ያልኩትን ነገር ግን ማንም አላነሣውም፤ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ሌላ ልጅ ያንኑ አሳብ ሲደግመው ተጻፈ።»

ይህን ወረቀት ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። ስድብ ብቻ ነው የሰውን ቃል የሚቀብር ብለን እናስብ ይሆናል፤ ሙገሳም ይቀብራል። ጣዕሙን የሚያዳምጥ ጆሮ ነገሩን አይሰማም።

ከአዲስ አበባ የመጡት ሠልጣኞች በአብዛኛው የጻፉት አንድ ዓይነት ነው፤ «እኔ ዘዬ የለኝም» ይላል። ይህ መልስ ለቀሩት ሲነበብ ክፍሉ በሳቅ ተሞላ። እጅ በየአቅጣጫው ወጣ። «‹እንዴት ነህ› ማለት ሲገባው ‹እንዴት ነክ› ይላል»፣ «‹ቤትህ› የሚለውን ‹ቤትክ› ያደርገዋል»፣ «በየሦስት ቃሉ ‹ምናምን› ያስገባል»፣ «ሽማግሌውን ‹ፋዘር› ብሎ ይጠራል» እየተባለ ተዘረዘረ። የጎጃሟ ልጅ ደግሞ «ሲናገሩ የሚያባርራቸው ሰው ያለ ይመስላል» አለች። እውነትም «ነክ» እና «ቤትክ» ከአዲስ አበባ ውጭ አድጎ ለመጣ ጆሮ እንደ «መጥቸ» ሁሉ ጎልተው የሚሰሙ ናቸው። ልዩነቱ ለ«መጥቸ» የሚሳቅበት ሰው ሲኖር፣ ለ«ቤትክ» ግን የሚሳቅበት ሰው እስከዚያን ቀን ድረስ አለመገኘቱ ነው።

አማርኛ ሁለተኛ ቋንቋቸው የሆነው ሠልጣኞችም የጻፉት አለ። በትግርኛ አፉን የፈታ አንድ ሠልጣኝ «ጉሮሮህን ታጠብቃለህ ይሉኛል» ይላል። ነገሩን ስንመረምረው የሚያስገርም ነው። እኛ አማርኛ ተናጋሪዎች ሀን፣ ሐንና ኀን፣ እንዲሁም አንና ዐን አንድ አድርገን ነው የምንጠራቸው። የትኛው በየት እንደሚጻፍ የምናውቀው በሽምደዳ ነው። ይህ ሠልጣኝ ግን በቋንቋው «ዓይኒ»፣ «ዓመት»፣ «ሓሳብ» ብሎ ስለሚናገር ዐንና ሐን በጆሮው ይለያቸዋል። እኛ ፊደሉን ይዘን ድምፁን ጥለናል፤ እሱ ድምፁንም ይዟል። ፊደሉን እንደ ተጻፈ የሚያነብ ሰው ቅላፄ አለው ተብሎ ሲሳቅበት ማየት ይገርማል።

ከወለጋ የመጣው ሠልጣኝ ደግሞ «ትጎትታለህ» ይባላል። በኦሮምኛ የአናባቢ ማጠርና መርዘም ትርጉም ይለውጣል፤ «ለፈ» መሬት ሲሆን «ላፋ» ደግሞ ለስላሳ ማለት ነው። ለዚህ የሠለጠነ አፍ አናባቢን በጥንቃቄ ቢያስረዝም ምን ይደንቃል? ከድሬዳዋ የመጣችው ሠልጣኝ በበኩሏ ስለ «አቦ» ብዙ ጽፋለች፤ ለሁሉም ሰው «አንተ» ትላላችሁ ተብላ እንደምትታማም አልደበቀችም። እሷ እንደምትለው በሰፈሯ «አንተ» መቅረብ እንጂ መናቅ አይደለም። ሆኖም አንዳንድ አዛውንት መምህራን በዚህ ጉዳይ የሚስማሙ አይመስለኝም።

ሰሚው ተራው ሲደርስ

ሌላውን ስንሰማ ዳኞች ነን። እስቲ ተራው ይገልበጥና ሌላው እኛን ይስማን። «እውነት» የሚለው ቃል በኦሮምኛ «ዹጋ» ነው። መነሻው ላይ ያለችው ዹ በአማርኛ የለችም፤ ምላስ ወደ ላይ ታጥፋ አየር ወደ ውስጥ እየሳበች የምትወጣ ድምፅ ናት። አማርኛ ብቻ የሚያውቅ አስተማሪ ወደ ወለጋ ወይም ወደ አርሲ ሄዶ «ዱጋ» ሲል ሕፃናቱ ይሳሳቃሉ። ያው «እውነት» በትግርኛ «ሓቂ» ነው። ሓ ከጉሮሮ ጥልቀት ትወጣለች፤ ቂም በሁለት አናባቢዎች መካከል ስለምትውል ሻከር ብላ እንደ ቒ ትሰማለች። የአማርኛ አፍ ሁለቱንም አስተካክሎ «ሃቂ» ይላታል። እንግዲህ «እውነት» የምትለውን ቃል እንኳ በሁለቱ ጎረቤት ቋንቋዎች አጥርተን መናገር ያቅተናል ማለት ነው። የሚሰሙን ሰዎች ግን ብዙውን ጊዜ «ጎበዝ፣ ቋንቋችንን ለመደ» ይሉናል እንጂ «እውነት መናገር አይችልም» አይሉንም።

የዋና ከተማው አፍ

የጎንደሩ ሠልጣኝ «ዋናው አማርኛ የኛ ነው» ማለቱ ከመሬት የተነሣ አይደለም። ጎንደር በአፄ ፋሲል ዘመን በ1628 ዓ.ም. ከተቆረቆረች ጀምሮ ለረጅም ጊዜ የመንግሥት መቀመጫ ነበረች። አማርኛም ልሳነ ንጉሥ ተብሏልና፣ ንጉሡ በተቀመጠበት ከተማ የሚነገረው አማርኛ መከበሩ አይቀርም። አዲስ አበባ የተቆረቆረችው በ1879 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በኋላ ቤተ መንግሥቱም፣ መሥሪያ ቤቱም፣ ማተሚያ ቤቱም፣ የመጀመሪያዎቹ ዘመናዊ ትምህርት ቤቶችም፣ ሬዲዮውም፣ በ1957 ዓ.ም. የተጀመረው ቴሌቪዥንም እዚያው ሆኑ። ከተማዋ ደግሞ ከሸዌው አማርኛ ጋር ኦሮምኛና ጉራጊኛ፣ ከየክፍላተ ሀገሩ የመጣውም ሁሉ አነጋገር የተገናኙባት ስለሆነች የራሷን አማርኛ ፈጠረች። ዜና አንባቢው በዚያ ድምፅ ስላነበበ ጆሯችን ያንን ድምፅ «ዘዬ የሌለው» ብሎ ለመደው። «ቼ» ከ«ቸ» የሚበልጥበት የድምፅ ባሕርይ የለም። መቀመጫው ሲዛወር ክብሩም አብሮ ተዛወረ፤ ነገሩ ይኸው ነው።

አንዳንዱ ሠልጣኝ ይህን በደመ ነፍስ ስለሚያውቀው እዚህ በገባ በሦስት ሳምንቱ «መጥቼ» ማለት ይጀምራል። ለዕረፍት አገሩ ሲመለስ ደግሞ እናቱ «ምን ሆንክብኝ ልጀ፣ አፍህን ማን ወሰደው?» ትለዋለች፤ የሰፈር ጓደኞቹም «ከተሜ ሆነ» ብለው ይተርቡታል። ከሁለት ያጣ የሚሆነው ይሄኔ ነው።

በክፍል ውስጥ ምን ይደረግ?

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት በአፍ መፍቻ ቋንቋ እንዲሰጥ መንገዱን ከፍቷል። ከዚያም በፊት በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በሂደቱ 15 ቋንቋዎችን ተጠቅሟል። በምን ቋንቋ ይማሩ የሚለው ጥያቄ በዚህ መልኩ መልስ ሲፈለግለት ቆይቷል። በዚያው በአፍ መፍቻ ቋንቋ ውስጥ ያለው የዘዬ ጉዳይ ግን በፖሊሲ የሚወሰን አይደለም፤ በየክፍሉ በአስተማሪው ጆሮ ላይ የተጣለ ነው።

አንድ ሠልጣኝ በወረቀቱ ላይ ያሰፈረውን እዚህ ላይ ማንሣት ይገባል። የሦስተኛ ክፍል ተማሪ ሳለ ድምፁን ከፍ አድርጎ ሲያነብ «ፀሐይ» የሚለውን «ጠሐይ» አለ። አስተማሪው ከክፍሉ ፊት አስቁሞ ሦስት ጊዜ አስደገመው። ሦስቱንም ጊዜ «ጠሐይ» አለ። ክፍሉ ሳቀ። ልጁ ከዚያን ቀን ጀምሮ እስከ ስድስተኛ ክፍል ድረስ ለማንበብ እጁን አላወጣም። «ጽሑፉን እኮ በትክክል አንብቤዋለሁ» ይላል ዛሬም። ልክ ነው፤ አንብቦታል። ፊደሏን አይቶ፣ ቃሏን ለይቶ፣ ትርጉሟን አውቆ፣ በናቱ አፍ ጠራት። ጸን ወደ ጠ ማዞር በሰፊው የተለመደ ነው። «ጾም» ስንል «ጦም»፣ «ጸበል» ስንል «ጠበል»፣ «ፀጉር» ስንል «ጠጉር» የምንል ስንት ነን? በ«ጠበል» የሚስቅ አስተማሪ ግን እስከ ዛሬ አልታየም፤ ጆሮው ለምዶታልና።

ታዲያ አስተማሪው ቅላፄን ከንባብ ስህተት በምን ይለያል? ዋናው መለያ ይህ ነው፤ ቅላፄ ቋሚ ነው፣ ስህተት ግን ይባዝናል። ቀን ወደ ጉሮሮው የሚያወርድ ልጅ «በቃ» ላይም፣ «ወደቀ» ላይም፣ «ጥቂት» ላይም ያንኑ ያደርጋል። «በቃ»ን አንዴ «በካ»፣ አንዴ «በታ»፣ አንዴ ደግሞ «በቀ» እያለ የሚያነብ ልጅ ካለ ግን እሱ ፊደሉን ገና አልያዘም። የሚጠራጠር አስተማሪ ከ፣ ቀ እና አን በሰሌዳ ላይ ይጻፍና «ቀ የቷ ናት?» ብሎ በጣት ያስነካ። ልጁ ሳያመነታ ቀን ከነካ ጉዳዩ አብቅቷል፤ አፉን ተዉለት። ይህ ምርመራ ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም። ሳያደርጉት ቀርቶ የማያነብ ልጅ «ቅላፄው ነው» ተብሎ ሲታለፍም አደጋው ያው ነው። በተለይ አማርኛ ሁለተኛ ቋንቋቸው በሆኑ ሕፃናት ላይ ይህ ሁለተኛው ዓይነት ጉዳት ይበዛል ብዬ እገምታለሁ፤ አስተማሪው አዝኖ ያልፋቸዋል፣ እነሱም ሳያነቡ ክፍል ይቆጥራሉ።

የቃል ጽሕፈት ሲሆን ነገሩ ይለወጣል። እዚህ ላይ የሚፈተነው የልጁ ጆሮ ነው፤ የጆሮው ምግብ ደግሞ የአስተማሪው አፍ ነው። አስተማሪው «ጠሎት» ብሎ አንብቦ ግማሹ ክፍል «ጠሎት» ብሎ ቢጽፍ የማን ስህተት ነው? «ዥብ ዠመረ» ከሚል አፍ «ጅብ ጀመረ» የሚል ጽሑፍ መጠበቅስ ይቻላል? ስለዚህ የቃል ጽሕፈት ከማጻፋችሁ በፊት ጽሑፉን አንድ ጊዜ ለባልደረባችሁ አንብቡለት፤ ያውም ከሌላ አካባቢ ለመጣ ባልደረባ። እሱ የሰማውን ይጻፍና አስተያዩ። ተማሪዎቻችሁ ምን እንደሚሰሙ ቀድማችሁ ታውቃላችሁ።

ልጁ በድርሰቱ ላይ «ተቤት መጣሁ» ወይም «በልቸ ተኛሁ» ብሎ ቢጽፍስ? በዚህ ላይ መምህራን ሁለት ዓይነት አስተያየት አላቸው። አንዳንዶች ይተውለት ይላሉ። እኔ በዚህ አልስማማም። ፈተናውም፣ መጽሐፉም፣ ነገ የሚጽፈው ማመልከቻም የሚጠይቀው የተለመደውን የጽሑፍ ቋንቋ ስለሆነ «ከቤት»ንና «በልቼ»ን ማወቅ አለበት። ይሁን እንጂ አነጋገራችን ይወስነዋል። «ተቤት አይባልም» ያልን እንደሆነ ውሸት ተናግረናል፤ ልጁም ውሸት መሆኑን ያውቃል፤ አባቱም አያቱም ሲሉት ሰምቷልና። «እኛ አገር ተቤት እንላለን፤ ስንጽፍ ደግሞ ከቤት ብለን እንጽፋለን» ብንለው ግን እውነቱን ነግረን አንድ ቃል ጨመርንለት። በቀይ እስክሪፕቶ ከመሰረዝ ይልቅ ከበላዩ መጻፍ ይሻላል።

የአጠራር ነገርም አለ። ከተማ ያደገ አስተማሪ «ቲቸር» ወይም «ጋሼ» መባል ለምዷል። በሰሜኑ ገጠር «አያ» ሲባል ወይም «የኔታ» ሲባል የተቀለደበት የሚመስለው አይጠፋም። «አያ» በዚያ አካባቢ ለታላቅ ወንድምና ለሚከበር ሰው የሚሰጥ ነው። ቀድሞ መጠየቅ ነው።

ለልምምድ

የሚከተለውን ሁለት ሁለት እየሆናችሁ ሥሩት፤ ጓደኛችሁ ከእናንተ አካባቢ ያልሆነ ይሁን። አንድ ወረቀት በሁለት ዓምድ ክፈሉ። በመጀመሪያው ዓምድ ላይ ስለ ራሳችሁ አነጋገር የምታውቁትን ጻፉ። ሁለተኛውን ጓደኛችሁ ይሙላው፤ እናንተም የሱን ሙሉለት። ከዚያ አንድ አንቀጽ እያነበባችሁ በስልካችሁ ቅረጹትና አብራችሁ አዳምጡ። ብዙዎቻችሁ «ይሄ የኔ ድምፅ አይደለም» ማለታችሁ አይቀርም። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ስንናገር የራሳችን ድምፅ በአየር ብቻ ሳይሆን በራስ ቅላችን አጥንት በኩልም ስለሚደርሰን ወፍራም ሆኖ ይሰማናል። መቅረጫው የሚይዘው በአየር የሄደውን ብቻ ነው። ሌላው ሰው ሁልጊዜ የሚሰማችሁ በዚያ ቀጭን ድምፅ ነበር።

የተሞሉትን ወረቀቶች ያለ ስም ከዚህ ሰሌዳ ሥር ባለው ሣጥን ውስጥ አስገቡ፤ ለሚቀጥለው እትም የተመረጡት ይለጠፋሉ። የአዲስ አበባ ልጆችም እንዳትቀሩ። በመጀመሪያው ዓምድ ላይ «ዘዬ የለኝም» ብሎ መጻፍ ግን አይፈቀድም።